ዓሳው ያልዋኘው አንጎሉ ተረጋግቶ ነው ወይስ ልቡ ደክሞ?

ጥያቄው ትንሽ አጥሮ እንዲህ ይላል፦ «ዶክተር፣ 4 ኪሎ ሁለተኛ ዓመት የማስተርስ ተማሪ ነኝ። ውጭ ካለ ላብራቶሪ (ላብ) ጋር እየሰራን ነው፣ እነሱ ካክና-ዋን-ሲ የሚባለውን የካልሲየም ቻናል ጂን በክሪስፐር (ጂን መቁረጫ ዘዴ) ያጠፉባቸውን የዜብራፊሽ ላርቫዎች (የትንሽ ዓሳ ግልገሎች) ቪዲዮና የአንጎል ምስል ላኩልኝ። 4 ቀን የሞላቸው ናቸው። ጂኑ የጠፋባቸው ብዙም አይዋኙም፣ የአንጎላቸው የጂካምፕ (ካልሲየም ሲይዝ የሚበራ ፕሮቲን) ብርሃንም ደብዛዛ ነው። ልባቸው አካባቢ ያበጡ ይመስላሉ ግን እሱን ትቼዋለሁ። ጂኑ ሲጠፋ አንጎል ይረጋጋል ብዬ ልጽፍ ነው፣ ትክክል ነኝ? ሌላው ደሞ ወንድሜ ባይፖላር አለበት፣ መድኃኒት ይወስዳል፣ ይሄ ጂን ከባይፖላር ጋር ይያያዛል ሲባል አንብቤያለሁ። የግፊት መድኃኒቱ አምሎዲፒን የካልሲየም ቻናል ይዘጋል አይደል? ይረዳዋል? ወይስ የካልሲየም ክኒን ይሻለዋል?»

ያንን «ትቼዋለሁ» ያልሽውን እብጠት አትተዪው። ከላክሽው ሁሉ ትልቁ መረጃ እሱ ነው፣ ቪዲዮውንም የአንጎሉንም ምስል የምናነብበት መንገድ በሱ ይወሰናል።

ካክና-ዋን-ሲ በዜብራፊሽ ታዋቂ የሆነው በአንጎል አይደለም፣ በልብ ነው። በ2001 የታተመ ስራ አለ፣ «አይላንድ ቢት» የሚባለው ሚውታንት (ጂኑ የተለወጠበት ዓሳ) የተበላሸበት ጂን ይሄው የኤል-ዓይነት ካልሲየም ቻናል (ካልሲየም ወደ ሴል ከሚያስገቡት በሮች አንዱ ዓይነት) መሆኑን ያሳየ። ስሙ የመጣው ከሚታየው ነገር ነው፣ ደም የሚቀበለው የልብ ክፍል ውስጥ ያሉት ሴሎች አብረው መምታት አቅቷቸው እዚህም እዚያም እንደ ደሴት ለየብቻቸው ይንቀጠቀጣሉ፣ ደም የሚገፋው ክፍል ደሞ ጭራሽ አይመታም። ልክ አንቺ እንዳየሽው ልቡ ዙሪያ ውሃ ይቋጥራል። ታዲያ እንዴት 4 ቀን ኖረ ካልሽ፣ የዜብራፊሽ ላርቫ በጣም ትንሽ ስለሆነ ኦክስጅን በቆዳው በኩል ሰርጎ ስለሚደርሰው ደም ባይዞርም ለተወሰኑ ቀናት በህይወት ይቆያል፣ ለዚህም ነው የልብ ጥናት የሚሰሩ ሰዎች ይሄን ዓሳ የሚወዱት። ለባህሪ ጥናት ግን ይሄው ነገር ወጥመድ ነው። ደም የማይዞርበት ላርቫ ሳህኑ ላይ በህይወት አለ፣ ስትነኪው ምናልባት ይንቀሳቀሳል፣ ካሜራው ደሞ «ትንሽ ዋኘ» ብሎ ይመዘግባል። እንዲህ ያለውን እንስሳ አንጎሉ ተረጋግቷል ልትዪው አትችዪም።

አንድ ነገር ከላቡ ጠይቂ፦ ዓሳዎቹ እንቁላል ላይ ክሪስፐር የተወጉት ራሳቸው ናቸው ወይስ ከዛ በኋላ ከነሱ ተዋልደው የወጡ፣ ለውጡን ከወላጅ የወረሱ ቋሚ መስመር ናቸው? የተወጉት ራሳቸው ከሆኑ ሰውነታቸው ቅይጥ ነው፣ አንዳንዱ ሴል ጂኑ ጠፍቶበታል አንዳንዱ ጋ በሙሉ ይሰራል፣ በዛ ላይ ቅይጡ ከዓሳ ዓሳ ይለያያል። አንዱ ላይ እብጠቱ ትንሽ፣ ሌላው ላይ ብዙ፣ ሌላው ላይ ምንም ላይኖር ይችላል። ቋሚ መስመር ከሆነ ደሞ ሁለቱም ቅጂ (ከእናትም ከአባትም የወረሱት) የጠፋባቸው፣ አንዱ ብቻ የጠፋባቸውና ምንም ያልጎደለባቸው ወንድምና እህቶች ከአንድ ጥንድ ወላጅ ስለሚፈለፈሉ ሶስቱን ለይተው መላክ ነበረባቸው።

አሁን «ካልሲየም ሲቀንስ አንጎል ይረጋጋል» ወደሚለው ሀሳብ ልምጣ፣ ይሄን ስህተት ካንቺ ብቻ አይደለም የምሰማው። ሰው ካልሲየምን እንደ ነዳጅ ያስበዋል፣ ብዙ ሲሆን ሞተሩ ይጮሃል ትንሽ ሲሆን ዝም ይላል ብሎ። በሴል ውስጥ ግን ካልሲየም መልእክት ነው። ያረፈ የነርቭ ሴል ውስጥ ያለው ነፃ ካልሲየም ከውጭ ካለው ጋር ሲወዳደር ወደ 10,000 እጥፍ ያንሳል። የቡናና የጊዮርጊስ ጨዋታ ቀን ስታዲየም በር ላይ ያለውን ሰልፍ አስቢው፣ ውጭ ህዝቡ ተጨናንቆ ውስጥ ወንበሩ ባዶ ነው፣ አንድ ጠባብ በር ለአንድ ሰከንድ ብትከፈት ውስጥ ያለው ሰው ወዲያው ያውቃል። ቻናል ማለት ያቺ በር ናት። የት ጋ ያለች በር እንደተከፈተች፣ ለምን ያህል ጊዜ፣ ውስጥ ደሞ ማን እንደተቀበለ ነው መልእክቱን የሚወስነው። የነርቭ ጫፍ ላይ ስትከፈት ኬሚካል ይለቀቃል፣ የሴሉ አካል ላይ ስትከፈት ኒውክለስ ድረስ ሄዶ ጂን ያስነሳል። ከዛ ፓምፖቹ መልሰው ያስወጡታል ወይም የሴሉ ውስጥ ጓዳ ያስገቡታል። ስለዚህ «የካልሲየም ጂን» ስንል በሮቹም፣ ተቀባዮቹም፣ ጓዳውም፣ ፓምፑም ውስጥ አሉበት፣ አንዱን ስትነኪ ሁሉም አንድ አይነት ውጤት ይሰጣል ብሎ መጠበቅ አይቻልም። እንደውም አጋች የሆኑ የነርቭ ሴሎች ውስጥ በር ብትዘጊ የሚያግድ ስለሚጠፋ አንጎሉ ይበልጥ ሊነድ ይችላል፣ ከመረጋጋት ተቃራኒው ማለት ነው።

ሰውነትና አንጎል እንዴት እንደሚምታታ የሚያሳዩ ሌሎች ዓሳዎች ልንገርሽ። «አኮርዲዮን» የሚባል ሚውታንት አለ፣ ስትነኪው መዋኘት ሲገባው ሁለቱም ጎኑ አንድ ላይ ይኮማተርና ልክ እንደ አኮርዲዮን እጥር ይላል። የሚያየው ሰው መጀመሪያ የሚገምተው ግራና ቀኝን የሚያፈራርቀው የህብለ ሰረሰር ሽቦ ተበላሽቷል ብሎ ነው፣ ምክንያታዊ ግምት ነው ደሞ። በ2004 ሲጣራ ግን ችግሩ ጡንቻው ውስጥ ያለው የካልሲየም ፓምፕ ጂን ሆኖ ተገኘ፣ ጡንቻው ካልሲየሙን ወደ ጓዳው መልሶ ማስገባት ስላቃተው መላላት አልቻለም፣ ነርቩ ደህና ትእዛዝ እየላከ ማለት ነው። ሌላው ከጓዳው ካልሲየም የሚለቀው የራያኖዲን ሪሴፕተር ጂን የተበላሸበት ነው፣ እሱ ደሞ ቀስ ብሎ በደካማው ይዋኛል፣ እዛም ጥፋቱ ጡንቻ ላይ ነው። የፒ/ኪው-ዓይነት የሚባለው ሌላ የካልሲየም ቻናል የተበላሸባቸው ሲነኩ በደንብ አይሸሹም፣ እዛ ላይ ነርቭ ከጡንቻ ጋር የሚገናኝበት ቦታ መልእክቱ ይዳከማል። ሶስቱም ካሜራ ላይ «የባህሪ ለውጥ» ናቸው። ከሶስቱ አንዱም ስለ ስሜት ወይም ስለ አስተሳሰብ የሚነግርሽ የለም።

በሌላ በኩል እውነት የአንጎል የሆነ ታሪክም አለ፣ ሰውነቱ ጤነኛ ሆኖ ውሳኔው ብቻ ሲለወጥ። የዜብራፊሽ ላርቫ ድንገት ድምፅ ሲሰማ ሁለት አይነት መደንገጥ አለው፣ አንደኛው በጥቂት ሚሊሰከንድ ውስጥ የሚነሳ ሲሆን ማውትነር የሚባሉት አንድ ጥንድ ትላልቅ ሴሎች ይመሩታል፣ ሁለተኛው ትንሽ ዘግይቶ የሚመጣ ረጋ ያለ ነው። ዓሳው የትኛውን እንደሚመርጥ የሚወስነው አንጎሉ ነው። በ2018 የወጣ ስራ ላይ ይሄን ምርጫ ከሚያስተካክሉት አንዱ የካልሲየም ሴንሲንግ ሪሴፕተር እንደሆነ ታይቷል፣ በሰው ፓራታይሮይድ እጢ ውስጥ የደም ካልሲየም የሚለካው ያው ሪሴፕተር። ሌላው ካክና-ቱ-ዲ-ስሪ ነው፣ እሱ በሩ ራሱ ሳይሆን የበሩ አጋዥ ክፍል ነው፣ ሲጠፋ ዓሳው በትንሽ ድምፅ ይደነግጣል፣ ድምፁ ሲደጋገምም አይለምድም። ጤነኛ ዓሳ ያንኑ ድምፅ ደጋግመሽ ብታሰሚው ከጊዜ በኋላ ይተወዋል፣ እኛም ፒያሳ ስንኖር የመኪናውን ጡሩምባ እንደምንተወው። መልመድ ትንሽ ነገር ይመስላል እንጂ ከመማር ሁሉ መሰረታዊው ነው፣ ከሁሉም ደሞ ደስ የሚለው የሚለካው የመዋኘት ብቃትን ስላልሆነ ነው። ዓሳው የመጀመሪያው ድምፅ ላይ በሙሉ ጉልበቱ ከደነገጠ ጡንቻውም ልቡም ይሰራል ማለት ነው፣ ከዛ በኋላ አለመልመዱ ከአንጎል ነው ብለሽ በድፍረት መናገር ትችያለሽ። አንድ እንስሳ ራሱ የራሱ ማነፃፀሪያ ይሆናል። ይሄን አስታውሺልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ወደ ጂካምፕ ብርሃኑ እንሂድ። ጂካምፕ ካልሲየም ሲይዝ የሚበራ ፕሮቲን ነው፣ በጣም ትልቅ መሳሪያ ነው ደሞ፣ በ2013 በዚሁ አይነት ዘዴ ወደ 100,000 የሚጠጉ ነርቭ ሴሎች ያሉትን የላርቫ አንጎል ከ80 በመቶ በላይ በየ1.3 ሰከንዱ መቅረፅ ተችሏል፣ እንደዛ ያለ ነገር በሌላ አከርካሪ ባለው እንስሳ ላይ አልታየም ነበር። ግን የሚያሳየው ካልሲየምን ነው፣ የነርቭ ኤሌክትሪክን አይደለም። በተለመደ ዓሳ ኤሌክትሪኩ ሲነሳ ካልሲየም ስለሚገባ አንዱን ለሌላው ወክሎ ማንበብ ይቻላል። አንቺ ጋ ግን የጠፋው ካልሲየሙን የሚያስገባው በር ራሱ ነው! ሴሉ እንደ ድሮው እየተኮሰ ብርሃኑ ብቻ ሊደበዝዝ ይችላል። ማታ ቤት ውስጥ አምፖሉ ሲጠፋ መጀመሪያ የምናደርገው በመስኮት የጎረቤትን ማየት አይደል፣ ሰፈሩ ሁሉ ከጠፋ መብራት ነው፣ የኛ ብቻ ከሆነ አምፖሉ ነው። አንቺ ያየሽው የራስሽን አምፖል ብቻ ነው፣ ጎረቤቱን ገና አላየሽም። በዛ ላይ ጂካምፕ ውስጥ ካልሞጁሊን የሚባል ቁራጭ አለ፣ እሱ ደሞ ልክ አንቺ የምታጠኚውን የኤል-ዓይነት ቻናል ስራ ሊያዛባ እንደሚችል ታይቷል፣ ማለትም መለኪያው የሚለካውን ነገር ይነካል። ደም የማይዞርበት አንጎል ደሞ በዛ ላይ ጨምሪበት፣ የፕሮቲን ምርቱም ራሱ ሊቀንስ ይችላል።

የጎረቤት መስኮት የሚሆንሽ ሌላ ዘዴ ነው። አንዱ ፒ-ኤርክን (ሴሉ ሲሰራ የሚነሳውን የኤርክ ፕሮቲን) በቀለም ማየት ነው፣ ዓሳውን በኬሚካል ባለበት ካቆየሽው (ፊክስ ካደረግሽው) በኋላ ባለፉት ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ገደማ የትኛው የአንጎል ክፍል እንደሰራ ያሳያል፣ ከጠቅላላው ኤርክ ጋር አነፃፅረሽ ከዜብራፊሽ የአንጎል ካርታ ጋር ታመሳስዪዋለሽ። ፍፁም አይደለም፣ ኤርክም በከፊል በካልሲየም በኩል ሊነሳ ስለሚችል የተጠረጠረ ምስክር ነው፣ ግን ቢያንስ ጂካምፕ ከሚሳሳትበት በሌላ መንገድ ነው የሚሳሳተው። ከሁሉ የሚታመነው ኤሌክትሮድ አንጎሉ ላይ አስቀምጦ ኤሌክትሪኩን በቀጥታ መቅዳት ነው፣ ያንን የውጭው ላብ ማድረግ ይችል እንደሆነ ጠይቂ።

ስለ ባይፖላር ያነበብሽው ትክክል ነው፣ የተረዳሽበት መንገድ ላይ ግን ክፍተት አለ። በ2008 ከባይፖላር ጋር፣ በ2013 ደሞ ባይፖላርን ጨምሮ ከ5 የአእምሮ ህመሞች ጋር አንድ ላይ ሲታይ የካልሲየም ቻናል ጂኖች ብቅ ብለዋል፣ ካክና-ዋን-ሲ አንዱ ነው። ነገር ግን እነዚህ ሰዎች ጂኑ አልጠፋባቸውም። ልዩነቱ ያለው ፕሮቲን በማይሰራው የጂኑ ክፍል ውስጥ ነው፣ ጂኑ መቼና ምን ያህል እንደሚነበብ ትንሽ ይለውጣል እንጂ በሩን አይሰብርም፣ ያው ልዩነት ያለው ሚሊዮን ሰው ደሞ ጤነኛ ነው። በሌላው ጫፍ ቲሞቲ ሲንድሮም የሚባል አለ፣ እዛ ላይ በሩ በጊዜው አልዘጋ ይልና ልጆቹ ላይ ከባድ የልብ ምት ችግርና ኦቲዝም ያመጣል። ይሄ እንግዲህ ከመጠን በላይ ካልሲየም ነው። ያንቺ ዓሳ ላይ ደሞ በሩ ራሱ ጭራሽ የለም። ሶስቱ ሶስት የተለያየ ነገር ናቸው፣ አንዱን ለሌላው ማስረጃ አድርገሽ አትጻፊ።

ከዓሳው ወደ ሰው መሄድን በጥቅሉ አልቃወምም፣ እኔ ራሴ እድሜዬን የሰጠሁት ለዛ ነው። ከሰው ጂኖች ወደ 70 በመቶው በዜብራፊሽ ቢያንስ አንድ አቻ አላቸው። በ2019 የወጣ አንድ ትልቅ ስራ ከስኪዞፍሬኒያ ጋር ከሚያያዙ የጂኖም ቦታዎች 132 ጂኖችን በዜብራፊሽ አጥፍቶ የእያንዳንዱን የአንጎል እንቅስቃሴ፣ የአንጎል ቅርፅና ባህሪ ለክቶ ከ30 በላይ ትኩረት የሚገባቸውን ለይቷል። እንቅስቃሴውን ያዩት በፒ-ኤርክ ነበር፣ ባህሪውንም በአንድ ቁጥር አልጨረሱትም፣ የቀንና የሌሊት እንቅስቃሴ፣ ለድምፅና ለብርሃን የሚሰጠው ምላሽ፣ መልመድ፣ ሁሉንም አይተዋል። ካንቺም የምጠብቀው ያንን ጥንቃቄ ነው። ሁለት ነገር ደሞ አስቢበት። የዓሳዎች ጂኖም በጥንት ጊዜ አንዴ ተባዝቷል፣ ስለዚህ ብዙ የሰው ጂን ዓሳ ውስጥ ሁለት መንትያ ጂን ሆኖ ይገኛል፣ አንዱን አጥፍተሽ ምንም ካልታየ ሌላው ሸፍኖት ይሆናል። ከዛ ሌላ ከ2015 ጀምሮ እንደታወቀው አንዳንድ ሚውቴሽን ሴሉ ተመሳሳይ ጂኖችን ከፍ አድርጎ እንዲያካክስ ያደርገዋል፣ ስለዚህ ለውጥ አለመታየት ጂኑ አያስፈልግም ማለት አይደለም።

እኔ ውጭ ስማር አንድ መስመር ላይ ወራት ሰርቼ ዓሳዎቹ «ፈሪ» ናቸው፣ ታች ታች ይላሉ ብዬ ጽፌ ነበር። የመዋኛ ፊኛቸው አልተነፋም ነበር፣ በቃ መንሳፈፍ ስላልቻሉ ነው ታች የቆዩት። ፊኛው በ4ኛው ወይ በ5ኛው ቀን ነው የሚነፋው፣ ያንቺዎቹ ደሞ 4 ቀን ናቸው፣ በዚህ እድሜ ጤነኛውም ገና በነፃነት መዋኘት እየጀመረ ነው፣ የባህሪ ስራ በአብዛኛው ከ5 እስከ 7 ቀን ባለው ላይ የሚሰራው ለዚህ ነው። ግማሽ ቀን የሚሆን የእድገት መዘግየት ብቻውን «አይዋኝም» የሚያሰኝ ልዩነት ሊፈጥርልሽ ይችላል።

ስለዚህ ምክሬ ቁርጥ ያለ ነው፦ «አንጎል ይረጋጋል» የሚለውን ከፕሮፖዛልሽ አውጪው፣ ሙሉ በሙሉ የጠፋ ካክና-ዋን-ሲ ላይ የባህሪ ቴሲስ አትገንቢ። ለአማካሪሽ ሁለት አማራጭ ይዘሽ ሂጂ። አንደኛው በዚሁ ጂን መቀጠል ከሆነ አንድ ቅጂ ብቻ የጠፋባቸውን፣ ልባቸው ጤነኛ የሆኑትን መውሰድ ነው፣ ለሰው ሁኔታም ከሙሉ መጥፋት ይልቅ የሚቀርበው እሱ ነው፣ ግን ልዩነቱ ትንሽ ሊሆን ስለሚችል ብዙ ዓሳ ይፈልጋል። ሁለተኛውና እኔ የምመርጥልሽ እንደ ካክና-ቱ-ዲ-ስሪ ያለ አጋዥ ክፍል ወስደሽ ጥያቄሽን ወደ መልመድ ማዞር ነው። ጥያቄው ጠባብ ነው፣ መልሱ አዎ ወይም አይደለም ይሆናል፣ ቪዲዮውም ትንተናውም እዚሁ 4 ኪሎ በአንድ ላፕቶፕ የሚሰራ ነው። ዓሳውን እዚህ እናርባ የሚል ሀሳብ ካላችሁ አሁን አይመከርም፣ 28.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሌት ተቀን ይፈልጋል፣ አዲስ አበባ ደሞ ሌሊቱ ብርድ ነው፣ መብራት አንድ ሌሊት ቢጠፋ በማደግ ላይ ያለው ላርቫ እድገቱ ይዘገያል፣ የቧንቧ ውሃው ክሎሪንም መውጣት አለበት፣ በሁለት ዓመት የማስተርስ ጊዜ ውስጥ ይሄን ሁሉ ተቆጣጥሮ መጨረስ ከባድ ነው።

የትኛውንም ብትመርጪ የትኛው ዓሳ የትኛው ጂኖታይፕ እንደሆነ (ጂኑ የጠፋበት ወይስ ያልጠፋበት) ሳታውቂ ተንትኚ፣ ከላቡ ኮዱን በኋላ ይላኩልሽ። አይናችን የምንፈልገውን ነው የሚያየው፣ እብጠቱን የተውሽውም ለዚህ ይመስለኛል፣ ታሪኩ አስቀድሞ ጭንቅላትሽ ውስጥ አልቆ ነበር።

የወንድምሽ ነገር። እህቴ፣ አምሎዲፒን እንዳትሰጪው። ቻናሉን መዝጋቱ እውነት ነው፣ ያው የኤል-ዓይነቱን ነው፣ ግን በዋናነት የሚሰራው የደም ስር ላይ ነው፣ ወደ አንጎል የሚገባውም ትንሽ ነው፣ የሚያመጣው የግፊት መውረድና የእግር እብጠት ሊሆን ይችላል። ከዚህ ቤተሰብ ቬራፓሚል ለማኒያ (ለባይፖላሩ ከልክ ያለፈ የመነሳሳት ጊዜ) ተሞክሮ ውጤቱ የተደበላለቀ ነበር፣ ዋና ህክምና አልሆነም፣ ከባይፖላር መድኃኒቱ ሊቲየም ጋር ሲወሰድ ደሞ ጉዳት ያደረሰባቸው ታማሚዎች አሉ፣ ስለዚህ የሚወስደው መድኃኒት ላይ የቤተሰብ ሙከራ አይጨመርም። የካልሲየም ክኒኑም እንደዛው፣ የደም ካልሲየም በፓራታይሮይድ ሆርሞንና በቫይታሚን ዲ ጥብቅ ቁጥጥር ስር ነው፣ ክኒን ስለዋጠ የነርቭ ሴል ውስጥ ያለችው በር አትከፈትም አትዘጋም። ጤፍም ወተትም ለአጥንት ጥሩ ናቸው፣ ለባይፖላር ህክምና ግን አይደሉም። የደም ካልሲየም በእውነት ሲዛባ አእምሮን ይነካል፣ ሲበዛ ግራ መጋባትና ድብታ፣ ሲያንስ ጣት መደንዘዝ፣ የጡንቻ መሸማቀቅ፣ ሲብስም መንቀጥቀጥ ያመጣል። ወንድምሽ የእንቅርት ኦፕሬሽን አድርጎ የሚያውቅ ከሆነ ወይም እነዚህ ምልክቶች ካሉት፣ ሊቲየም የሚወስድ ከሆነም ከቆይታ በኋላ ካልሲየምን ከፍ ሊያደርግ ስለሚችል፣ ሐኪሙ የደም ምርመራው ላይ ካልሲየም እንዲጨምርለት ጠይቁ። የሚወስደውን ግን አንድ ቀን እንኳን እንዳያቋርጥ፣ በድንገት ማቋረጥ ህመሙን በኃይል የሚመልሰው ነገር ነው።

ሰኞ ቪዲዮዎቹን ስትከፍቺ መጀመሪያ መዋኘቱን ሳይሆን የልቡን ምት ቁጠሪ። የእያንዳንዱን ላርቫ ምት ለ30 ሰከንድ፣ ደም መዞር አለመዞሩን፣ ፊኛው መነፋቱን፣ የሰውነቱን ርዝመት ጻፊ። ልቡ የማይመታውንና ያበጠውን ለብቻ አስቀምጪ፣ ከዛ ከቀሩት ውስጥ ስንት እንደሚተርፉ ለአማካሪሽ በቁጥር አሳዪያቸው።